በዶሮ ማነቂያ ያሰመርኩት መስመር

ወገኖቼ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፤ እኔ አፍሪካን በአንድ ትንፋሽ የምስል ሰው ነኝ። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አንዴ ካሳረፍኩ አላነሳም። ታንዠር ላይ እጀምርና በዳካር ዞሬ፣ ኬፕ ታውን ላይ ታጥፌ፣ በሞቃዲሾ ሽቅብ ወጥቼ፣ ሜዲትራኒያንን እየታከክሁ ተመልሼ ታንዠር ላይ እገጥማለሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ፊቴ ወደ ተማሪዎቹ ነው። ማዳጋስካርን አንዳንዴ እረሳታለሁ፤ ደሴት ስለሆነች ብዙም አትቀየምም። ይህን የማወራችሁ ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ዋናው ግን የደረሰብኝ ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚህች ችሎታዬ መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሸንጎ ምርጫ ሊደረግ ሽር ጉድ የሚባልበት። ፒያሳ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ዶሮ ማነቂያ ነው። የዶሮ ማነቂያ ቤቶች እንደ ውይይት ታክሲ ተሳፋሪ ናቸው፤ አንዱ ካልተነሳ ሌላው መውረድ አይችልም። ጎረቤትህ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምትለው ከአልጋህ ሳትወርድ ነው፤ እሱም «ያኑርህ» ብሎህ ተገላብጦ ይተኛል።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንድትቀርብ» ትላለች። ከፍተኛ ማለት ያኔ የቀበሌዎች የበላይ ነው። ለምን እንደሆነ አትልም። የዛሬ ልጆች ይህ ምኑ ያስፈራል ትሉ ይሆናል። በዚያ ዘመን «ለምን» የማትል ወረቀት የደረሰው ሰው ምግብ አይወርድለትም። እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን፤ የምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገች ቆይታለች፣ አልፎ አልፎ ከሰው ቤት ሰብሰብ ብለን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። ባለቤቴ አልማዝ ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ተነሥታ ዳቦ ቆሎ ማዘጋጀት ጀመረች።

በማግስቱ ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ለብሼ፣ ኪሶቼን በዳቦ ቆሎ ሞልቼ ሄድኩ። ብታሰር እንዳይበርደኝ ነው። ችግሩ ቀኑ ጸሐይ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ስደርስ፣ ገና ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ፣ ወንጀሌን አምኜ የጨረስኩ ያህል አልቦኛል።

የጠራኝ ጓድ ታደለ የሚባል፣ በከፍተኛው የምርጫውን ጉዳይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው።

«ቁጭ በል ጓድ መምህር» አለኝ።

«እንደቆምኩ ይሻላል ጓድ።» ሁለት ሱሪ የደረበ ሰው ጉልበቱ እንደልብ አይታጠፍም።

«ለምን?»

«አክብሮት ነው።»

ቀና ብሎ አየኝና «አፍሪካን በአንድ መስመር ትስላለህ አሉኝ» አለ።

እንዴት ያለ ወንጀል ነው ብዬ አሰብኩ። ማዳጋስካርን መርሳቴን ተናግረውብኝ ይሆን? «አልፎ አልፎ ነው» አልኩት።

«ጥሩ። መቼም ከአፍሪካ ዶሮ ማነቂያ ትቀላለች» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አንድ ያረጀ ካርታ ዘረጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሸንጎው ሰው የሚመረጠው በምርጫ ክልል በክልል ነው። የኛ አካባቢ ሕዝብ ለአንድ ክልል በዝቶ ተገኘ። ስለዚህ ሰፈራችን ከሁለት ተከፍሎ፣ ላይኛው ከወርቅ ቤቶቹ ሰፈር ጋር፣ ታችኛው ደግሞ ለብቻው ክልል ሊሆን ነው። መስመሩን የሚያሰምር ሰው ጠፋ። ያ ሰው እኔ ነኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አልታሰርኩም። ልብ በሉ፣ በዚያች ሰዓት ጓድ ታደለ «ጨረቃን ለሁለት ክፈልልን» ቢለኝም «ከየት በኩል ይጀመር?» እል ነበር።

ካርታው ደብዛዛ ነው። ቤቶቹ የዝንብ ኩስ መስለዋል። መሐል ላይ ግን አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር አየሁ። ሰማያዊ መስመር በካርታ ላይ ምንድነው? ወንዝ ነው። ይህን ለስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ጥሩ ድንበር ምንድነው? ወንዝ ነው። ይህንንም አስተምሬአለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ተቀብዬ ያችን ሰማያዊ መስመር ተከትዬ፣ እጄን ሳላነሳ፣ ፊቴን ወደ ጓድ ታደለ አዙሬ አሰመርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ዶሮ ማነቂያ ስኖር አንድ ቀን ወንዝ ተሻግሬ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ።

ጓድ ታደለ ተደነቀ። «ሳይንሳዊ ነው» አለ። እኔም ሳይንሳዊ ነው ብዬ ወጣሁና ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ሁለት ማኪያቶ በላይ በላዩ ጠጣሁ። የኪሴን ዳቦ ቆሎም እዚያው ጨረስኩት። ቤቴ ስገባ አልማዝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ተንበርክከን አመሰገንን። ማለት እሷ ተንበረከከች፣ እኔ አንደኛውን ሱሪ እስካወልቅ ጠበቀችኝ።

ካርታው በአራተኛው ቀን ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ምልክት የመጣው በጎረቤታችን በእማማ ጥሩነሽ ነው። እማማ ጥሩነሽ ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት ናቸው፤ ወንፊታችንን ተውሰው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ እኛም የሳቸው መሆኑን ከተቀበልን ቆይተናል። የዚያን ዕለት ወንፊቱን አጥበው፣ በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ይኸው እርስዎ» አሉኝ።

እማማ ጥሩነሽ «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም። ዕድሜያቸው እናቴን ያህላል። «ምነው እማማ?»

«ወዲያ ማዶ ሆነን የሰው ዕቃ መያዝ ነውር ነው። ነገ ይጣራል።»

በመንገድ የማገኘው ሁሉ እንዲሁ ሆነ። እጅ እየነሣ ያልፈኛል። አንዱ ሽንት ቤት ሊሄድ ሲል በሬ ላይ ቆሞ «ማለፍ ይቻላል ወይስ ወረቀት ያስፈልጋል?» አለኝ። አራዳ እንዲህ ነው፤ ሰው ተቆጥቶ አይሰድብህም፣ አክብሮ ይገድልሃል።

ቀስ እያልኩ ጥፋቴን ተረዳሁ። ወንዝ ያልኩት በድሮ ጊዜ የነበረ የጎርፍ ቦይ ነው። እድራችን ከጥንት በድንጋይ ደፍኖታል። ተደፍኖም አልቀረ፣ እድሩ በላዩ ላይ ቤት ሠርቶበታል። የኔ ቀይ መስመር በእድሩ ቤት በር ገብታ በመስኮት ትወጣለች። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሮቹ ከላይኛው ክልል፣ ድስትና ሰሀኑ ከታችኛው ሆነዋል።

ይህስ ባልከፋ። የከፋው የእትዬ የሺ ነገር ነው።

እትዬ የሺ አዋላጅ ናት። ከሰፈራችን ሰው ግማሹ በእጇ የተወለደ ነው፣ የቀረው ግማሽ በእጇ የወለደ ነው። መኪና ሰፈራችን ስለማይገባ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በወንበር አስቀምጠን እስከ አስፋልቱ የምንሸከመው እኛ ወንዶቹ ነን፤ ከጎን እየሮጠች «ቀስ፣ ቀስ» የምትለን እሷ ናት። በዚያ ሩጫ መንገድ ላይ የሞተችብንም አለች። ስለዚህ ምርጫ ይደረጋል ሲባል ሰፈሩ ሌላ ሰው አላሰበም። የሺን እንጠቁማለን፣ እሷ ገብታ ጤና ጣቢያ ትጠይቅልናለች ተባለ፣ አለቀ። እኔና እስክሪብቶዬ ደግሞ የእትዬ የሺን ቤት ከጥቂት ቤቶች ጋር ወዲያ ማዶ ጣልናት። ከሰዎቿ አብዛኞቹ ወዲህ ቀሩ።

እሁድ እድሩ ተጠራ። የስብሰባው አጀንዳ አንድ ነው፤ እኔ ነኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሥራ ካቆሙ ስንት ዓመታቸው፣ የመለኪያ ሜትራቸው ግን ዛሬም ከአንገታቸው አይወርድም።

«መምህር» አሉኝ፣ «እኔ አርባ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ሰውየውን ሳልለካ አንድ ቀን መቀስ አንሥቼ አላውቅም። አንተ ማንን ለክተህ ነው የቆረጥከን?»

«ካርታው ላይ ወንዝ ነበር» አልኩ።

ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ቆየ። አንዷ እንባዋን እየጠረገች «ዋናተኛ ነው እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

«የሺ ለኛ የሺህ ሰው እናት ናት» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ማዶ ላሉት ከሺህ አንዷ ናት። አያውቋትም። እኛም እሷን መምረጥ አንችልም፣ እነሱም አይመርጧትም። ይገባሃል?»

እትዬ የሺ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። «ተዉት፣ ሆን ብሎ አይደለም» አለች። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፤ ይህ ነው የጣለኝ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ያሰመረው እሱ ነው፣ ያጥፋውም እሱ ነው።

ሰኞ ጓድ ታደለ ዘንድ ሄድኩ። በዚህኛው አንድ ሱሪ ብቻ ነው የለበስኩት፤ ፈርቼ ስላልነበር ሳይሆን አልማዝ አንደኛውን አጥባው ነው። ነገሩን ሳስረዳው ፊቱ ጠቆረ።

«መስመሩ ተፈርሞበታል። ሳይንሳዊ ነው አልክ።»

«ሳይንሱ ትክክል ነው ጓድ። ወንዙ ነው የሌለው።»

«የተፈረመበት መስመር እድርተኛ ስላልተመቸው አይነሣም። ነገ ሌላው መጥቶ ማኅበሬ ተከፈለ ይለኛል፣ ሌላው አማቴ ማዶ ቀረች ይለኛል።» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ጥናት ካለ ግን ሌላ ነው። ጥናት አለህ?»

«አለኝ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ሐሙስ ጠዋት አምጣ። ሕዝቡ አንድ ማኅበረሰብ መሆኑን የሚያሳይ። ሐሙስ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ።»

ሦስት ቀን አለኝ። ጥናት የለኝም። ቤቴ ስገባ አልማዝን «አንድ ማኅበረሰብ መሆናችን በምን ይታወቃል?» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ባሻ ንጋቱን ጠይቅ፤ እሳቸው እኮ የኛ ሰው የት እንደሚያበቃ ያውቃሉ» አለችኝ።

ባሻ ንጋቱ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው፤ አንድ እግራቸው ከአንዱ ያጥራል። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥተው በየቅያሱ እየቆሙ ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም ይለፍፋሉ፣ ቀጥለው ያነክሳሉ። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ማክሰኞ ቤታቸው ሄጄ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ካርታ ማንበብ አልችልም» አሉኝ።

«ማንበብ የለብዎትም። የሚቆሙበትን ብቻ ያሳዩኝ።»

ጥሩምባቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ። ከኋላቸው ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተከተልኩ። ወገኖቼ፣ እኔ ጂኦግራፊ ተምሬአለሁ፤ ጂኦግራፊን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ባሻ ቆም ይሉና «እዚህ እነፋለሁ» ይላሉ። ነጥብ አደርጋለሁ። «ይህ ቤት የኛ ነው። ያ አይደለም፤ ለቅሶው ሌላ እድር ነው። አስፋልቱን ተሻግሮ ያለው ግን የኛ ነው፤ ሴትዮዋ ተድራ ሄዳ እንጂ ሐዘኗ እዚህ ነው።»

«ይህንን ሁሉ በምን ያስታውሱታል?»

«ምኑ ይረሳል? ይህ ቤት ሲያለቅስ የትኛው ቤት ልብሱን ለብሶ እንደሚወጣ ሃያ ዓመት አይቻለሁ።»

አባቴ የሞተ ጊዜ ትዝ አለኝ። ቤተ ክርስቲያናችን የታሸገችበት ሰሞን ነበር፤ ከምእመናኑ ብዙዎቹ ፈርተው መምጣት አልቻሉም። እኛ ብቻችንን እንቀብራለን ብለን ነበር። ማለዳ ግን የባሻ ጥሩምባ የአባቴን ስም ይዞ ወጣ፣ ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ደጃችን ተተከለ፣ ሃይማኖታችንን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሦስት ቀን ተቀመጡልን። እኔ ያን ድንኳን ነው ማዶ የጣልኩት።

ውቤ በረሃ ስንደርስ ነገር ተበላሸ። ለካ እድራችን ከመጠጥ ቤቶቹ አራቱን ያቅፋል። እያንዳንዷ ባለቤት ደግሞ ባሻን እና «ሰፈሩን ለመመለስ የሚደክመውን መምህር» እንዲሁ አላሳልፍም አለች። የመጀመሪያዋ እትዬ አሰለፈች ናቸው።

«ጴንጤ ነኝ እትዬ፣ አልጠጣም» አልኳቸው።

«መች አጣሁት ልጄ፤ ብርዝ ነው።»

ብርዝ ነበር። ሁለተኛው ቤት ያቀረቡልኝም ብርዝ ነበር። ሦስተኛው ግን ብርዝ የነበረ ነው። እኔ ልዩነቱን ከየት አውቄው? ጣፋጭ ነው፣ ጸሐይ ነው፣ ደክሞኛል፣ ደገምኩ። አራተኛው ቤት ላይ ያሰመርኩትን ዛሬም ብታዩት እርሳሱ እንደ ባሻ እግር ያነክሳል። በማግስቱ አፍሬ ላስተካክለው ስል ባሻ ወረቀቱን አዟዙረው አዩትና «ተወው፣ ቅያሱ እኮ እንዲህ ነው የሚሄደው» አሉኝ።

ረቡዕ ነጥቦቹን ሁሉ ገጣጠምኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እጄን እያነሣሁ፣ እየጠየቅሁ፣ እያጠፋሁ ሳልኩ። አልማዝ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ አየችውና አፏን ያዘች።

«ምነው?»

«ዶሮ ነው።»

እውነቷን ነው። ክንፍ አላት፣ እግር አላት፣ በውቤ በረሃ በኩል አንገቷን ወዲያ ወጠር አድርጋለች። ዶሮ ማነቂያ በዶሮ ቅርጽ ወጣች፤ ያውም አንገቷን የተያዘች ዶሮ። ይህንን ይዤ ለመንግሥት ልቀርብ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጓድ ታደለ ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች አስከትሎ እድሩ ቤት ደጃፍ ድረስ መጣ። ጽሕፈት ቤት እቀርባለሁ ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን «መስክ እናያለን» አሉ። ከኔ ጋር ባሻ ንጋቱ ብቻ ናቸው። ሰዉ ሥራ ላይ ነው፣ ሴቶቹ ጓዳ ናቸው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ካርታዬን ዘረጋሁ።

ጓድ ታደለ አንገቱን ወዲህም ወዲያም አዘነበለ። «ይህ ምንድነው?»

«የምርጫ ክልል ነው ጓድ።»

«ዶሮ ነው።»

«ዶሮ የሚመስለው ከዚህ ሲያዩት ነው።»

ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ አየው። «ከዚህም ዶሮ ነው።» ሁለቱ ሰዎች ያዩኛል። «ጓድ መምህር፣ ጥናት ነው ያልኩህ። ማስረጃህ የታለ? በምን ታውቆ ነው ይህ ቤት ከዚያ ቤት ጋር አንድ የሆነው፣ ደግሞ አጠገቡ ካለው ያልሆነው?»

ያስተማርኩበትን መጽሐፍ፣ ያነበብኩትን ሁሉ፣ በአእምሮዬ አገላበጥኩ። አንዲት ቃል የለም። «ሕዝቡን ቢጠይቁት» አልኩ በመጨረሻ።

«የትኛውን ሕዝብ?» ባዶውን መንገድ በእጁ አሳየኝ።

ባሻ ንጋቱ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ወደ መንገዱ መሐል ወጡ። ጥሩምባቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ «ባሻ፣ ይተዉ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቀደሙኝ።

ነፉ።

በጠራራ ጸሐይ የሚነፋ የሞት ጥሩምባ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። መጀመሪያ ድስት የወደቀ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በር። ከዚያ በሮች። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ወጡ፤ ወንድም የላቸውም። እትዬ አሰለፈች እጃቸው ጌሾ እንደነካ፣ አናጢው መጋዝ እንደያዘ፣ ጋሽ ደምሴ ሜትራቸው እየተወናጨፈ መጡ። አስፋልቱን ተሻግራ የተዳረችው ሴት ሳይቀር ሮጣ መጣች። በየቅያሱ እየጎረፈ መንገዱ ሞላ፣ ደጃፉ ሞላ፣ እኛ መሐል ቀረን። ከወርቅ ቤቶቹ በኩል አንድ መስኮት ተከፈተ፤ አንድ ሰው ብቅ ብሎ አየና «የማነው?» ሳይል ዘጋው።

ጓድ ታደለ ካርታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ ሰዉን አንዴ ዶሮዋን ያያል። ከሁለቱ እንግዶች አንደኛው ጣቱን በወረቀቱ ላይ እያስኬደ፣ ሰው በወጣበት ቅያስ ሁሉ ነጥቤን ያገኛል፤ ሰው ያልወጣበት ጋ ነጥብ የለም።

«ማነው የሞተው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«የሞተ የለም» አሉ ባሻ።

እድር ባለበት አገር በውሸት ጥሩምባ መንፋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የባሻን ሃያ ዓመት በዓይኔ ፊት ሲፈርስ አየሁት።

«ታዲያ ለምን ነፋህ?»

«ጓዶቹ የኛ ሰው እስከየት ድረስ ነው አሉ። መምህሩ መናገር አቃተው። እኔም መናገር አልችልም» አሉ ባሻ።

እማማ ጥሩነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እንግዲህ ማልቀስ ጀምሬአለሁ» አሉ። «እንዲያው ከሚቀርብኝ የመምህሩ መስመር ሞተች በሉኝና እሷን ልሸኛት።»

መጀመሪያ የሳቀው ከላይ የመጣው እንግዳ ነው። ከዚያ መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ጓድ ታደለም ግራ ቀኙን አይቶ፣ እንደተፈቀደ ሲገባው፣ ሳቀ።

«በድምፅ ማጉያ ሦስት ቀን ለፍፌ ለስብሰባ አርባ ሰው አላገኝም» አለ ወደ ባሻ ጠጋ ብሎ። «ባሻ፣ ለስብሰባም ቢነፉልን?»

«ስብሰባ ላይ ሰው የሞተ ዕለት እነፋለሁ ጓድ» አሉ ባሻ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

እንግዳው ካርታውን የእድሩ ቤት መድረክ ላይ አስቀምጦ፣ አሮጌዋን መስመር በእስክሪብቶው ሰረዘና «ዶሮዋ ለብቻዋ ክልል ትሁን፣ የቀረው ከወርቅ ቤቶቹ ጋር ይሂድ» ብሎ ከዶሮዋ ሥር ፈረመ። «እኛም አገር እንዲህ ነው» አለ ብቻ።

ጋሽ ደምሴ ግን ዳኛ ናቸው፤ ሕግ ሕግ ነው አሉ። ባሻ ንጋቱ በሐሰት ስለነፉ ለአንድ ዓመት የድንኳኑን ካስማ ተሸካሚ እንዲሆኑ ተፈረደባቸው። ግማሹን እኔ ልሸከም ብዬ እጄን አወጣሁ። «ግማሹን አይደለም፣ ሙሉውን» አሉኝ፤ «ባሻ እግሩን ያመዋል።» ሰዉ አጨበጨበ። በሕይወቴ ተፈርዶብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ለእማማ ጥሩነሽም ወንፊቱን ያን ዕለት በራሴ እጅ መለስኩላቸው። «አንተ፣ የት አስቀምጠኸው ነው እንዲህ የላላው?» ብለው ተቆጡኝ። «አንተ» ሲሉኝ እንዴት እንደጣፈጠኝ።

ምርጫው ደረሰ። እትዬ የሺ ተጠቆመች፣ ተወዳደረች፣ አሸነፈች። ከተወዳደሯት አንደኛው ራሱ በእጇ የተወለደ ነው፤ ድምፁን ለማን እንደሰጠ ጠይቀነው ፈገግ ብሎ አለፈን።

የመጀመሪያው ጉባኤ ቀን ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኛት ወጣ። ጋሽ ደምሴ ከጡረታ ተመልሰው ግራጫ ኮትና ጉርድ ሰፍተውላት ነበር፤ ትከሻው ላይ ልክክ ብሎላታል፤ እየደጋገሙ ከኋላ ያዩታል። በጠባቧ መንገድ፣ ወንበር ተሸክመን በምንሮጥባት መንገድ፣ ዛሬ ቀስ ብለን ሄድን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ማንም ቁሙ ሳይል ሰው ሁሉ ቆመ። ወደ እግራችን አየሁ። ካርታውን በቃሌ ስለማውቀው አልተሳሳትኩም፤ የዚያ ሁሉ ሰው ጫማ፣ የባሻ አጭሯ እግር ሳትቀር፣ መስመሩ ላይ ተደርድሯል።

እትዬ የሺ ብቻዋን ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ዞር አለችና «በሉ ግቡ፣ ጸሐይ ነው» አለችን።

ማንም አልገባም። መኪናው መጥቶ እስኪወስዳት እጃችንን ለዓይናችን ጋርደን ቆምን። አልማዝ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ደህና አድርገህ አስምረሃል» አለችኝ።